የኤሌክትሪክ ስኩተር ፍጥነት፦ ከፍሬኑ ጀምሮ

(በጅማ ለኤሌክትሪክ ስኩተር ነጂዎችና ጠጋኞች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ ከልብ እናመሰግናለን።

የስኩተር ባለቤት ወደ ጠጋኝ ሲመጣ በብዛት የሚያነሳው ጥያቄ «ይቺን ነገር ማፍጠን ይቻላል ወይ?» የሚል ነው። ይቻላል። ነገር ግን መንገድ ላይ ከምናያቸው ስኩተሮች ብዙዎቹ ፋብሪካው የሰጣቸውን ፍጥነት እንኳ አሟጠው እየሮጡ አይደለም። ነፋሱ የጎደለ ጎማ ትንሽ ይወስዳል። ሙሉ በሙሉ የማይለቅ ፍሬን ትንሽ ይወስዳል። ባለ 72 ቮልቱ ውስጥ ካሉት ስድስት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች አንዱ ደክሞ አምስቱን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ የላላ ተርሚናል (ሽቦው የሚታሰርበት ጫፍ) ደግሞ ኮረንቲውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው በ42 ሲሄድ ባለቤቱ ሞተሩ የደከመ ይመስለውና ትልቅ ኮንትሮለር (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኮረንቲ የሚቆጣጠር ሳጥን) ወይም ተጨማሪ ባትሪ ይገዛል። ገንዘቡ ይወጣል፤ ችግሩ ግን እዚያው ነው፤ ብሶበትም ይመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማቆም መቻሉን እናረጋግጣለን። ቀጥሎ የጠፋውን ፍጥነት እናስመልሳለን። ጭማሪ የሚባለው ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው፤ እንደኛ እምነት ከመካከላችሁ ለአብዛኞቹ ጨርሶ አያስፈልግም። የምንናገረው በዋናነት ተቀምጠው ስለሚነዷቸው፣ ባለ 60 ወይም ባለ 72 ቮልት፣ ሞተራቸው የኋላ ጎማ ውስጥ ስላለ ስኩተሮች ነው። ቆመው የሚነዷቸውን ትንንሾቹን በመሃል እናነሳቸዋለን።

ስንት ሜትር ላይ ይቆማል?

በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 12 ሜትር ተኩል ነው። ንቁ የሆነ ነጂ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ 12 ሜትር ተኩሉ ፍሬን ሳይነካ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ፍሬኑ ደህና ከሆነ፣ 13 ሜትር ያህል ይጨምራል። በድምሩ 25 ሜትር ገደማ። ያው ስኩተር በ60 ሲሄድ 40 ሜትር ያስፈልገዋል። አስፋልቱ ሲረጥብ በ45 የሚሄደው ወደ 35፣ በ60 የሚሄደው ወደ 56 ሜትር ይደርሳል። በ30 የሚሄድ ሰው ግን ደረቅ ላይ 14፣ እርጥብ ላይ 18 ሜትር ይበቃዋል።

አሁን በየቀኑ የምትሄዱበትን መንገድ አስቡት። ከፊት ያለው ባጃጅ ተሳፋሪ አይቶ ድንገት ጠርዝ ሲይዝ በመካከላችሁ ስንት ሜትር አለ? የገበያ ዕለት በጅማ መርካቶ አካባቢ ወይም ፈረንጅ አራዳ በሥራ መውጫ ሰዓት 56 ሜትር ባዶ መንገድ የሚያገኝ ነጂ የለም። ከተማ ውስጥ የፍጥነታችሁ ጣሪያ ከፊታችሁ ያለው ባዶ መንገድ ነው፤ የሞተሩ ጉልበት አይደለም።

ፍሬኑን ለመፈተን ሰውም መኪናም የሌለበት ደረቅና ሜዳ የሆነ አስፋልት ፈልጉ። መሬቱ ላይ በኖራ መስመር አስምሩ። በ20 እየሄዳችሁ መስመሩ ላይ ስትደርሱ ሁለቱንም ፍሬን ያዙና የቆማችሁበትን በሜትር ለኩ፤ እጃችሁ ሲለምድ በ30 ድገሙት። በ30 ስትሄዱ ከመስመሩ ከ6 እስከ 8 ሜትር ውስጥ መቆም አለበት። 10 ሜትር ካለፈ ያ ስኩተር የሚፈጥንበት ምክንያት የለም፤ መጀመሪያ ፍሬኑ ይሠራ።

«የፊት ፍሬን አትያዝ፣ ይገለብጥሃል» የሚባለው ምክር ብዙ ሰው ጎድቷል። ስትቆሙ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ጎማ ይመጣል፤ የኋላው ይቀላል። ስለዚህ ደረቅ አስፋልት ላይ ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። የሚገለብጠው በድንጋጤ አንዴ ጨብጦ መያዝ ነው። ቀስ ብሎ ጀምሮ እያጠበቁ መሄድ ይለመዳል። ጭቃ፣ የረጠበ ኮብልስቶንና መታጠፊያ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የፊቱን በስሱ፣ የኋላውን ዋና አድርጋችሁ ነው የምትይዙት፤ ይበልጥ ጥሩው ደግሞ ቀድሞ ፍጥነት ቀንሶ መግባት ነው።

ባለ ታምቡር ፍሬን ከሆነ የእጅ መያዣው ጫፍ ሳይይዝ የሚንቀሳቀስበት ባዶ ቦታ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሁን። ከዚያ ሲበልጥ ጎማው ጋ ያለውን የኬብል ዳዶ አጥብቁ፤ ሲያንስ ፍሬኑ ሁልጊዜ ይነካል፣ ይግላል፣ ፍጥነትም ይበላል። ዳዶው እስከ መጨረሻው ጠብቆ አሁንም መያዣው ወደ እጀታው የሚጠጋ ከሆነ የፍሬኑ ሸራ አልቋል። በባለ ዲስኩ የሸራው ውፍረት ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ቀይሩት። ዲስኩ ላይ ዘይት ወይም ግሪስ ከነካ ዲስኩን በአልኮል ማጽዳት ይቻላል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ግን ይጣላል እንጂ አይድንም።

አንድ ፈተና አለ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ማንም አይሠራውም። ስኩተሩን በመሃል መቆሚያው አቁሙት፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ይነሳ። ትንሽ ጋዝ ስጡና ጎማው ሲዞር የፍሬን መያዣውን በጣም በስሱ ንኩት። ሸራው ሳይነካ ገና ሞተሩ መቋረጥ አለበት። ያንን የሚያደርገው መያዣው ውስጥ ያለ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ውኃና አቧራ ሲገባበት ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ፍሬን እየያዛችሁ ሞተሩ ከእናንተ ጋር ይታገላል። የፊቱንም የኋላውንም ለየብቻ ፈትኑ። እግረ መንገዳችሁን የጋዙን እጀታ አዙራችሁ ልቀቁት፤ በራሱ ፈጥኖ ካልተመለሰ ያ ስኩተር ከበር አይወጣም።

ጉልበቱ የት ይሄዳል?

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ የተወሰነውን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ጉልበቱ ባሕር ጠረፍ ላይም እዚህም አንድ ነው። እንዲያውም የሳሳው አየር የሚገፋው በትንሹ ስለሆነ በሜዳ ላይ ለእኛ ይጠቅመናል።

ሆኖም የአየሩ ግፊት ከፍጥነት ጋር በጣም ይጨምራል። ነጂውና ስኩተሩ በአንድ ላይ 160 ኪሎ ቢመዝኑ በሜዳ አስፋልት በ45 ለመሄድ 900 ዋት ያህል ጎማው ላይ መድረስ አለበት። በ60 ለመሄድ ወደ 1,800 ዋት ይጠጋል። ፍጥነቱ በአንድ ሦስተኛ ሲጨምር ጉልበቱ እጥፍ ሆነ። ባለ 72 ቮልት 20 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ በጥሩ ጤንነቱ በ45 ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ከሆነ በ60 ከ27 ብዙ አያልፍም። ከቂጦ ፉርዲሳ መርካቶ ደርሶ ለመመለስ ይህ ለውጥ የለውም ትሉ ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ለሚያደርስ ሰው ግን ቻርጅ ሳያደርጉ በመዋልና ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ በመቅረት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ከአየር ግፊቱ ላይ በነፃ የሚቀነስ ነገር አለ። የሚንዘፈዘፍ ጃኬት ዚፑ ይዘጋ፣ ከኋላ የተሠራ ባዶ ሳጥን ካላስፈለገ ይነሳ፣ ክርን ወደ ውስጥ ይሰብሰብ። ይህ ከ40 በላይ ስትሄዱ ይታወቃችኋል። ከ30 በታች ለሚሄድ ሰው ግን ዋጋ የለውም፤ ጊዜ አታጥፉበት።

የፍጥነት ማሳያውንም ብዙ አትመኑት። ጎማውን አንስታችሁ ጋዝ ስትሰጡ 80 ቢያሳይ ጭነት የሌለው ጎማ ነው የዞረው፤ መንገድ ላይ ያንን አታገኙትም። ብዙ ርካሽ ማሳያዎችም ከእውነቱ በላይ ያነባሉ። የስልካችሁን ጂፒኤስ ከፍታችሁ ኪስ ውስጥ አድርጉት፤ ሄዳችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ የመዘገበውን ከፍተኛ ፍጥነት እዩ። ነፋስና ቁልቁለት እንዳያታልላችሁ ያንኑ መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ ሂዱበትና አማካዩን ውሰዱ።

የጠፋውን መፈለግ

ከጎማ እንጀምር። ባለ 10 ኢንች ጎማ ላላቸው ስኩተሮች የተለመደው የነፋስ ግፊት ከ2.2 እስከ 2.5 ባር ነው። የእናንተን በትክክል የሚነግራችሁ ከስኩተሩ ጋር የመጣው ወረቀት ነው፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ደግሞ ማለፍ የሌለባችሁ ጣሪያ ነው። ጎማው ሳይግል፣ ጠዋት ለኩ። ጎሚስታው በአውራ ጣት ተጭኖ «ደህና ነው» ቢላችሁ አትቀበሉ፤ መለኪያውን እንዲያስገባ ጠይቁ። የጎደለ ጎማ ሲሽከረከር ይጨፈለቃል፣ ይግላል፣ ጉድጓድ ሲመታ የውስጥ ጎማውን ቸርኬው ይቆርጠዋል። ከልክ በላይ የተሞላም ጥሩ አይደለም፤ ሜዳ አስፋልት ላይ ትንሽ ያፈጥናል፣ የረጠበ ኮብልስቶን ላይ ግን መንገዱን የሚነካው የጎማ ክፍል ስለሚያንስ ያንሸራትታል። ቆመው የሚነዷቸው ባለ 8.5 ኢንች ነፋስ ጎማዎች ከ3 እስከ 3.5 ባር ይፈልጋሉ። እነዚህ ትንንሾቹ ኮብልስቶን ላይ ከ15 በላይ ባይሄዱ እንመርጣለን፤ ጎማቸው ትንሽ ስለሆነ አንድ የተነሳ ድንጋይ ይበቃቸዋል። የሚታጠፈው መሪያቸው ማቀፊያ ላላ ካለ ደግሞ እስኪጠብቅ ድረስ አይነዱ።

ቀጥሎ ጎማዎቹን አንሥታችሁ በእጅ አዙሩ። የፊቱ ከለቀቃችሁት በኋላ ብዙ ዙር በራሱ መዞር አለበት። ቶሎ ከቆመ ወይ ፍሬኑ ይነካል ወይ ኩሽኔታው ዝጓል፤ ጆሮ ቢጠጉት የዛገ ኩሽኔታ ይንኮሻኮሻል። የኋላው ውስጡ ማግኔት ስላለ የተወሰነ መንገጫገጭ አለው፤ ያ ጤናው ነው። በጣም ከከበደና በእጅ ሲዞር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። የባትሪው ብሬከር (ዋናው ማጥፊያ) ይጥፋ፤ ከሞተሩ ወደ ኮንትሮለሩ የሚሄዱትን ሦስት ወፍራም ሽቦዎች ፈትታችሁ እርስ በርሳቸው እንዳይነካኩ ለያዩዋቸው። አሁን ጎማው ቀለል ካለ የተቃጠለው ኮንትሮለሩ ውስጥ ያለው ትራንዚስተር ነው። አሁንም ከከበደ ችግሩ ሞተሩ ውስጥ ነው። ይህን ሳያዩ ሞተር ማስቀየር በከንቱ ገንዘብ ማውጣት ነው።

ባትሪው ላይ ረዘም ብለን እንቆይ፤ የጠፋ ፍጥነት በብዛት የሚገኘው እዚህ ነው። የሞተሩ ከፍተኛ ፍጥነት ከሚደርሰው ቮልት ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። በ78 ቮልት 55 የሚሄድ ስኩተር ቮልቱ ጋዝ ሲሰጠው ወደ 67 ከወረደ ከ47 ብዙ አይበልጥም። ለዚህ ነው ጠዋት ጎበዝ የነበረው ማታ የሚሰንፈው። ይህ እስከ ተወሰነ ድረስ ተፈጥሮው ነው። ተፈጥሮው ያልሆነው ከስድስቱ አንዱ ቀድሞ ሲወድቅ ነው።

መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ያዙ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፤ የቁልፎቻችሁን እጀታ በናስትሮ ጠቅልሉ። በተከታታይ የተያያዘ 72 ቮልት ሰው ይጎዳል፤ ቁልፍ ሁለት ተርሚናል ላይ ከወደቀ ደግሞ ብረቱን ያቀልጠዋል። ስኩተሩን ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ከቻርጀሩ ነቅላችሁ ሁለት ሰዓት አሳርፉት፤ እያንዳንዱ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ወደ 13 ቮልት ማሳየት አለበት። ይህ ብቻውን ግን ምንም አይነግራችሁም፤ የደከመ ባትሪም ዐርፎ ሲለካ 13 ሊያሳይ ይችላል። ትክክለኛው ሰዓት ስትመለሱ ነው። ስኩተሩ መስነፍ እስኪጀምር ነድታችሁ ቁሙ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስድስቱንም ለየብቻ ለኩና በቁጥር ጻፉ። አምስቱ 12.3 አካባቢ ሆነው አንዱ 11.6 ቢያሳይ ሌባው ተገኘ። በመካከላቸው ከ0.3 ቮልት በላይ ልዩነት ካለ ዝቅ ያለውን ተጠራጠሩ፤ በሚቀጥለውም ቀን ያው ከወረደ አለቀለት።

ያ አንዱ ለምን ሁሉን ይጎዳል? ኮንትሮለሩ የሚያየው ድምሩን ነው። ድምሩ 63 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ይቆርጣል፤ ይህም ለእያንዳንዱ 10.5 ማለት ነው። አንዱ 8 ቮልት ላይ ወርዶ አምስቱ 12 ላይ ቢሆኑ ድምሩ 68 ነው፤ ኮንትሮለሩ ሁሉ ደህና ነው ብሎ ይቀጥላል፤ ደካማው ግን እየተገደለ ነው። ቻርጅ ሲደረግም እንዲሁ ነው፤ ደካማው ቀድሞ ይሞላና ሌሎቹ እስኪሞሉ ይፈላል። ስድስቱም አብረው ካረጁ ሁሉንም ቀይሩ። አንዱ ብቻ ከተበላሸ ከሌሎቹ ጋር በዕድሜም በአቅምም የሚቀራረብ ያገለገለ ባትሪ ፈልጉለት። አምስት አሮጌ መካከል አንድ አዲስ ማስገባት አዲሱን ያስረጀዋል እንጂ አሮጌዎቹን አያድስም።

የእርሳስ ባትሪ ሳይሞላ ማደሩ ይገድለዋል፤ ትንሽም ብትነዱ ማታውኑ ቻርጅ አድርጉ። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬቱ ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚወጣና የሚወርደው ቮልት እስኪረጋ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ። ሊቲየም ያላችሁ ሌላ ጥንቃቄ አለባችሁ፦ በበሩና በአልጋችሁ መካከል ቻርጅ አታድርጉ። ሊቲየም ሲነድ በውኃ ጆግ አይጠፋም፤ መውጫችሁን ይዘጋል። ያበጠ፣ የሚሸት፣ ወይም ውኃ ገብቶበት የነበረ ባትሪ ከቤት ውጭ ይቀመጥ እንጂ ቻርጀር አይነካው።

ተርሚናሎቹ ቀሩ። መቀመጫውን አንሥታችሁ ወፍራሞቹን ሽቦዎች ተከተሉ። የምትፈልጉት ጠቆር ያለ መዳብ፣ ቀልጦ የተጨማደደ ፕላስቲክ፣ አረንጓዴ ዝገት ነው። አንድ የላላ ተርሚናል 0.02 ኦም ብቻ ቢከለክል 40 አምፒር ሲያልፍበት 32 ዋት ይግላል፤ የሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበትን ብረት ከሽቦው ላይ እንደማሰር ነው። ዳዶው ይፈታ፣ ሁለቱ ፊቶች በብርጭቆ ወረቀት ይጽዱ፣ ይጥበቅ፣ ከላይ ቀጭን ግሪስ ይቀባ። ፕላስቲኩ የቀለጠ ማገናኛ ግን ተጠቅልሎ አይመለስም፤ ይቆረጥና በወፍራም አዲስ ይተካ። ከአሥር ደቂቃ ጉዞ በኋላ ብሬከሩን አጥፍታችሁ እያንዳንዱን መገናኛ በእጃችሁ ጀርባ ንኩ፤ ከጎረቤቱ የሚሞቀው እሱ ነው።

ጅሬን መውጣትና መውረድ

ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣውን የጅሬን ዳገት ታውቁታላችሁ። 160 ኪሎ የሚመዝን ነጂና ስኩተር 8 በመቶ ዳገት ላይ በ30 ለመውጣት ወደ 1,400 ዋት ይፈልጋል። ባለ 1,500 ዋት ሞተር ይህን ለጥቂት ደቂቃ ይችለዋል። ከኋላ ሰው ሲጨመር ፍጥነቱ እስከ 15 ሊወርድ ይችላል፤ ጎማ ውስጥ ያለ ሞተር ደግሞ በዝግታና በሙሉ ጋዝ ሲሠራ ከሚቀበለው ኮረንቲ ብዙውን ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። ማግኔቶቹ የተለመደው ዓይነት ከሆኑ ከ80 ዲግሪ በላይ ጉልበታቸውን ማጣት ይጀምራሉ፤ ያ ጉልበት ሲበርድ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ስለዚህ ዳገቱ ላይ ፍጥነታችሁ ከ15 በታች ሲወርድ ከኋላ ያለው ሰው ይውረድ። ላይ ስትደርሱ የሞተሩን ሽፋን ንኩ፤ እጃችሁን አምስት ሰከንድ ማቆየት ካልቻላችሁ 60 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፤ ውስጡ ከዚያ ይበልጣል። ሩብ ሰዓት አሳርፉት። ውኃ አታፍስሱበት፤ ድንገት ሲቀዘቅዝ በኩሽኔታው በኩል እርጥበት ይስባል።

ስትወርዱ ደግሞ በሞተር የሚያቆመው ፍሬን ያለው ስኩተር አንድ ባሕርይ አለው፤ ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ኮረንቲውን መቀበል አይችልምና ያ ፍሬን ይቋረጣል። ከዳገቱ አናት ላይ ቻርጅ አድርጎ ወዲያው መውረድ አይመከርም። ታምቡር ፍሬንም ያለ ማቋረጥ ከተያዘ ይግልና መያዙን ይተዋል። ገና ከላይ ጀምራችሁ ከ25 ሳታልፉ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ።

መጨመር ለሚፈልግ

ሁሉንም አድርጋችሁ፣ ፍሬኑ በ30 ከ8 ሜትር በታች እየቆመ፣ አሁንም ፍጥነት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ መሪው ላይ ያለችውን የ1፣ 2፣ 3 የፍጥነት ደረጃ ቁልፍ እዩ። ብዙ ሰው በ2 ላይ እየነዳ ስኩተሩን ያማል። ብዙ ኮንትሮለሮች ላይ ደግሞ ተሰክቶ ሲቆይ ፍጥነት የሚገድብ አንድ ጥንድ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ሲነቀል ገደቡ ይነሳል። ቀለሙ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ያለ ኮንትሮለሩ የሽቦ ሥዕል አትንኩ። ስኩተሩ ሲመዘገብ ከተያዘለት ፍጥነት የሚያወጣው ከሆነም ከትራንስፖርት ቢሮው ጠይቁ፤ አደጋ ሲደርስ የሚነሳው ጥያቄ ይኸው ነው።

60 ቮልቱ ላይ ስድስተኛ ባትሪ መጨመር የተለመደ ልማድ ሆኗል። ፍጥነቱን በ20 በመቶ ያህል ከፍ ለማድረግ ይሞክራል፤ አየሩን ብቻ ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት ግን 1.7 እጥፍ ይሆናል። ከዚያ በፊት ኮንትሮለሩ ተከፍቶ ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክብ ዕቃ) ላይ የተጻፈው ቮልት ይነበብ። ስድስት የእርሳስ ባትሪ ቻርጅ ላይ ሆኖ ወደ 88 ቮልት ይደርሳል፤ ካፓሲተሩ 80 ከሆነ ይፈነዳል፤ 100 ከሆነ ብቻ ነው የሚታሰበው። መብራቱንና ጥሩምባውን የሚመግበው የቮልት መቀነሻ፣ ቻርጀሩ፣ ብሬከሩ፣ ሁሉም አብረው መቀየር አለባቸው። የዚህን ሁሉ ዋጋ ደምሩና ከአዲስ ባለ 72 ስኩተር ጋር አወዳድሩት።

ኮንትሮለሩ ውስጥ ያለችውን የኮረንቲ መለኪያ ብረት ቆርቆሮ እያፈሰሱ ማወፈርን ግን በግልጽ እንቃወማለን። ኮንትሮለሩ የሚያልፈውን አሳንሶ እንዲያይ ተታለለ ማለት ነው። ኮረንቲው በ20 በመቶ ሲጨምር በሽቦውና በሞተሩ ውስጥ ያለው ሙቀት በ44 በመቶ ይጨምራል። የሚገኘው መነሻና ዳገት ላይ ያለ ጉልበት ነው፤ የሜዳ ላይ ከፍተኛው ፍጥነት በአመዛኙ በቮልቱ የተወሰነ ስለሆነ ብዙም አይነቃነቅም። ሞተር ለማቃጠል ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

ዝናብና ጭነት

እዚህ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ስለዚህ ውኃን እንደ አልፎ አልፎ እንግዳ አንቆጥረውም። ወደ ሞተሩ የሚገባው ገመድ ከመግቢያው በታች ወርዶ ተመልሶ እንዲወጣ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ጠብታው ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ገመዱን ተከትሎ አይገባም። የተኛው ውኃ እስከ ጎማው መሃል የሚደርስ ከሆነ ዙራችሁ ሂዱ። ላቫጆ ወስዳችሁ በግፊት ውኃ አታሳጥቡ፤ በጨርቅና በባልዲ ይበቃል። ከኩሬ ከወጣችሁ በኋላ ፍሬኑን በስሱ ይዛችሁ ጥቂት ሜትር ሂዱ፣ ሸራው ይድረቅ። ከረጅም ደረቅ ቀን በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ ከመንገዱ ላይ ዘይትና አቧራ ስለሚያነሳ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ከሁሉም የባሱ ናቸው።

ከኋላ አንድ ኩንታል መጫን የስኩተር ሥራ አይደለም። ጭነቱ ከኋላው ጎማ ዘንግ ወደ ኋላ ሲያልፍ የፊቱ ጎማ ይቀላል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሳይጫንም ከተንቀጠቀጠ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል፦ የፊቱን ፍሬን ይዛችሁ ስኩተሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት፤ መሪው ሥር ቋ የሚል ካለ ይጥበቅ። የኋላውን የሞተር ዳዶዎችም በየሳምንቱ በረጅም ቁልፍ ፈትኑ፤ ሞተሩ ዘንጉን ሁልጊዜ ሊያዞረው ይታገላል፤ ዳዶው ሲላላ ዘንጉ ዞሮ ገመዱን ይበጥሰዋል። በመንገድ ላይ መንቀጥቀጡ ከጀመረባችሁ የፊቱን ፍሬን አትጨብጡ፤ ጋዙን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ ደረታችሁን ወደ ፊት አምጡ፣ መሪውን ሳታጠብቁ ያዙና በራሱ እስኪረጋ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ።

ሄልሜት ስትገዙ ከአገጭ በታች ማሰሪያው ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ፣ ሲታሰር ከኋላ ወደ ፊት ብትገፉት የማይወልቅ ይሁን። የግንባታ ሠራተኛ ቆብ ከላይ ለሚወድቅ ነገር ነው የተሠራው፤ ለስኩተር አይሆንም። አንዴ በአደጋ መሬት የመታ ሄልሜት ውጪው ባይሰነጠቅም ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቋል፤ ለሌላ ሰው አትስጡት፣ አትሽጡት፣ ቀይሩት።